ቱንቢው የተሰቀለበት ጉድጓድ

አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማንያዘዋል፤

ስሜን ሰርቀሃል። ሰላምታ ያላስቀደምሁት ረስቼ አይደለም። የሰረቀኝን ሰው "እንዴት ከረምህ" እያልሁ የምቀበል ሰው ስላልሆንሁ ነው።

ባለፈው ገበያ መጫኛ ሳማርጥ የጎረቤቴ የእህት ልጅ፣ እዚያ ከተማ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ የሚሠራው፣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለና "አያ ውዱ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ወደ ሥራ ተመለሱ አሉ" አለኝ።

"የምን ሥራ?" አልሁት።

"የማንያዘዋል ቤት ላይ የሥራ ደኅንነት ኃላፊ ሆነው ፈርመው የለም እንዴ? ወረቀቱን በእጄ ነው የመዘገብሁት።"

ሰው ሁሉ እያየኝ ዝም አልሁ። የሟች ወንድሜን ልጅ ገበያ መሀል ሐሰተኛ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። በአንተ ነገር ዝም ስል ያ የመጨረሻዬ ነው።

እኔ ፊርማ የለኝም። ፊደል የቆጠርሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የፈረምሁት ስሜን ከነአባቴ ስም አንድ በአንድ በመጻፍ ነው። አንተ የጫርኸው እንደ ትል የተጠማዘዘ ነው አሉኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ጎንደር ውስጥ ስገነባ ከእኔ ሥራ ሬሳ አልወጣም። እግር የተሰበረ አለ፣ ጣት የተቆረጠ አለ፤ ሬሳ ግን የለም። ያተረፍሁት ሀብት እሱ ብቻ ነው። "ከውዱ ሥራ ሬሳ አልወጣም" ይባላል። አንተ ይህን ወስደህ እኔ በማላየው ሥራ ላይ አስይዘኸዋል።

ወይ ስሜን አስፍቅ፣ ወይ ቤቱን እኔ እንዳልሁህ ሥራው። ሦስተኛ መንገድ የለም። ስልክ አትደውልልኝ፤ ስልክ የተናገሩትን ያስክዳል። በጎንደር ማኪና ረዳት እጅ ጽፈህ ላክ። እኔም የምጽፍልህን በካርቦን ግልባጭ እያስቀረሁ ነው።

ውዱ ተሰማ

*

ጎንደር፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለአያ ውዱ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ እግርዎ ላይ በረታ? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ብሌን ከሆስፒታል ተረኛ ሆና ስትመለስ ደብዳቤዎን አሳየኋት፤ አንብባ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እሷም እጅ ነስታለች።

አያ፣ ጥፋተኛ ነኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቅጹ ላይ ልምድ ያለው ሰው ስም ይጠየቃል። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ "የምታውቀው ግንበኛ የለም?" ስትለኝ የእርስዎ ስም ከአፌ ወጣ። ያን ጊዜ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። "የአያ ውዱ ዘመድ ነህ እንዴ? የአባቴን ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው" አለችኝ። እንዲያ ስትለኝ መልሼ መዋጥ አልቻልኩም።

ለወግ ያህል ነው አያ። ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ማንም መጥቶ አይጠይቅም። ደግሞ አዘዞ ላይ የምሠራት ትንሽ ቤት ናት። ፎቅ የላት፣ ሰገነት የላት። ከመሬት ከፍ የሚል ነገር ስለሌለ የሚወድቅ ሰውም የለም። ፎርማኑ ሐምዛ የሚባል ጠንቃቃ ሰው ነው፤ በዝና ያውቅዎታል።

አንድ ነገር ልለምን። ያ የናስ ቱንቢዎ አሁንም አለ? የቤቴን ማዕዘን በእሱ ባቀና ደስታዬ ወሰን የለውም።

አክባሪዎ ማንያዘዋል ሐብተ ማርያም

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማንያዘዋል፤

ይቅርታህን አይቻለሁ። "ለወግ ያህል" የሚለውንም አይቻለሁ። እኔ ለወግ ያህል የተገነባ ግድግዳ ሲወድቅ እንጂ ሲቆም አላየሁም።

ከመሬት ከፍ የሚል ነገር የለም ብለሃል። ከመሬት ዝቅ የሚለውን አልነገርኸኝም። ቤት ያለ ሽንት ቤት ጉድጓድ አይሠራም፤ የአዘዞ መሬት ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ድንጋይ ነው፤ ዶማ ይመልሳል። ሰውን የሚያታልለው ያን ጊዜ ነው። የጉድጓዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሲቆም "ይኼ ምን ድጋፍ ያስፈልገዋል" ያሰኛል። ውስጥ ለውስጥ ግን ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ዝናብ የገባበት ቀን እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ድምፅ እንኳ አያሰማም።

ስሜን ማስፋቁ ወራት ይፈጃል ብለህ በረዳቱ በኩል በቃል የላክህብኝ ደርሶኛል። እንግዲያው ስሜ እስካለ ድረስ ኃላፊው እኔ ነኝ፤ ስማኝ። የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ አርቀህ አስጥል፤ አፉ ላይ የተቆለለ አፈር ራሱ ገፍቶ ይንደዋል። ጉድጓዱ ደረት ካለፈ ጣውላ ግራና ቀኝ አቁመህ በአጣና ወጥረው። መሰላል ሁልጊዜ ውስጥ ይኑር፤ ሰው ካልገባም ይኑር። ታች ሰው ካለ ላይ ሌላ ሰው ይቁም፤ ሥራው ማየት ብቻ ይሁን፣ አካፋ አታስይዘው። ሄልሜቱን ሰቅለህ ፎቶ ከምታነሣው ሠራተኛው ራስ ላይ አድርገው። ከሁሉ በላይ ግን ጉድጓዱን ከሰኔ በፊት በድንጋይ ገንብተህ ክደነው። ካልደረሰልህ ደፍነህ ለጥቅምት አቆየው።

"ሠራተኞቹ ራሳቸው አይፈሩም" ብትለኝ አልሰማህም። የቀን ሠራተኛ "እፈራለሁ" አይልም፤ ነገ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚቆም ያውቃል። ስለዚህ የእሱን ፍርሃት የምትፈራለት አንተ ነህ። ባለቤት ማለት ይኼ ነው።

ቱንቢውን አልልክም። ለምን እንደሆነ አባትህ ካልነገረህ ልንገርህ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ጉድጓድ የምገባው እኔ ነበርሁ። ግድግዳውን ዳብሼ፣ ድጋፉን ነቅንቄ፣ ደኅና ሲሆን እወጣና ቱንቢውን በቀይ ክሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ባለው አጣና እሰቅለዋለሁ። ቱንቢው ካልተሰቀለ ንጉሥ ቢያዝዝ ሰው አይገባም። ከተሰቀለ ደግሞ "ደኅና ነው ወይ" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቀና ብሎ ያየውና ይወርዳል። ሠራተኛው ከእኔ ይልቅ እሱን ያምነዋል። የእኔ ዓይን ሳያይ የሚሰቀልበት ቦታ የለም።

ውዱ ተሰማ

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማንያዘዋል፤

የጻፍህልኝን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛውን ውጭ ወጥቼ ነው ያነበብሁት።

አባትህ ሊሞት ሲል "ልጄ ቤት ሲሠራ ማዕዘኑን በውዱ ቱንቢ ያቅና" ማለቱን አላውቅም ነበር። እኔና እሱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንዳልተነጋገርን ታውቃለህ። ምነው እስከ ዛሬ ደበቅኸኝ? ለሬሳው አልቅሼ ስመለስ መንገድ ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ለጠየቅኸኝ ሌላ ነገር፦ አዎ፣ ጎረቤትህ አፈሩን በድንበሩ ላይ አላስጥልም ማለቱ መብቱ ነው። በአህያ አስጭነህ አርቀው። ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ። ጣውላውም አሮጌ ይሁን ግድ የለኝም፣ የበሰበሰ አይሁን እንጂ።

ቱንቢውን ይህን ደብዳቤ ባመጣልህ ረዳት እጅ ልኬዋለሁ። በጨርቅ ጠቅልየዋለሁ፤ ክሩን አዲስ አድርጌበታለሁ። ለማዕዘን ብቻ ነው። ግድግዳ አቅናበት፣ ጨርስና መልስ። ጉድጓድ አፍ ላይ እንዳይሰቀል። ይህን ሁለት ጊዜ እጽፈዋለሁ፦ ጉድጓድ አፍ ላይ እንዳይሰቀል።

ለብሌን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለአንተም።

ውዱ ተሰማ

*

ጎንደር፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአያ ውዱ፤

እንደምን ሰነበቱ? ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠዋትና ማታ አዘዞ፣ ቀን ቢሮ፤ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ አይራገፍም።

ቤቱ አምሮበታል! ማዕዘኖቹ በቱንቢዎ ቀንተው ብሎኬቱ እስከ መስኮት ደርሷል። ሠራተኞቹ ቱንቢውን ሲያዩ የሆኑትን ቢያዩ ይስቁ ነበር። መለሰ የሚባል የሳንጃ ሰው አለ፤ ዶማውን ጥሎ መጥቶ ሳመው። "ይኼማ የአያ ውዱ ነው! አባቴ ፍቅረ ማርያም ስለሱ ሲያወራ ነው ያደግኩት" አለ። ጓደኞቹ "ታቦት ነው እንዴ የምትስመው?" ብለው ሳቁበት። "ሳቁ፤ አባቴ ስንት ጉድጓድ ገብቶ ስንት ጊዜ የወጣው በዚህ ነው" አላቸው።

መለሰ የሚያስቅ ሰው ነው። ሚስቱ ማናዬና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ሳንጃ ናቸው፤ ሰሊጥ እስኪደርስ ነው እዚህ የሚሠራው። ትናንት ከታች ሆኖ "ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ጉድጓድ ማን በልቶ ሊሞላው ነው? ዘመድ ይጥሩ እንጂ!" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ሐምዛ ግን ትቶን ሄደ። ጭቅጭቅ ያበዛ ነበር። አሁን ሥራውን ከቢሮ በፊትና በኋላ ራሴ አየዋለሁ፤ ብዙ ተምሬያለሁ። አህዮቹ ስላልተመቹ አፈሩ ለጊዜው ከአጠገቡ ነው ያለው። ጣውላውም ታዟል። እርስዎ አያስቡ፤ ሁሉም ደህና ነው።

ማንያዘዋል

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማንያዘዋል፤

ደብዳቤህ ሸጋ ነው፤ ሳቅ ሞልቶበታል። እኔ የጠየቅሁህ ግን የለበትም።

ሐምዛ ምን ብሎ ነው የሄደው? ጭቅጭቅ ያበዛ ነበር ትላለህ፤ ስለ ምን እንደተጨቃጨቀ አልጻፍህም። ሥራ በጠፋበት ጊዜ ፎርማን ሥራውን ትቶ የሚሄደው ሥራው ከረሃብ ይልቅ ሲያስፈራው ነው።

አፈሩ "ለጊዜው" ነው ብለሃል። ጣውላው "ታዟል" ብለሃል። ሰውየው ግን አሁን ነው ከታች ሆኖ የሚቀልደው። ታች ሆኖ ሲናገር ድምፁ እንዴት ነበር? ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ጉድጓዱ ከሁለት ሰው ቁመት አልፏል ማለት ነው።

ሌላም አለ። መለሰ ዶማውን ጥሎ መጥቶ ቱንቢውን ሳመው ብለሃል። ብሎኬት በሚደረደርበት ማዕዘን ላይ ዶማ ምን ይሠራል? ዶማ የያዘ ሰው ያለው ጉድጓዱ ዘንድ ነው። ቱንቢው የት ነው የተሰቀለው? በአንድ ቃል መልስልኝ።

የፍቅረ ማርያም ልጅ መሆኑን ሳነብ ደስ ሊለኝ በተገባ። ፈራሁ እንጂ። ፍቅረ ማርያም አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። አንድ ቀን አይከል ላይ ቱንቢው ከእጁ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀና ጎኑ ጎደጎደ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። እንዲህ ያለ አባት ልጁን ምን ብሎ እንዳሳደገው አውቃለሁ። እኔ የሌለሁበት ጉድጓድ አፍ ላይ ያን ቀይ ክር ያየ ልጅ ምን እንደሚያደርግም አውቃለሁ።

እስክመጣ ሰው አይግባበት። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ። ዱላዬን ይዤ ነው የምመጣው፤ ለመመርኮዝ ብቻ አይደለም።

ውዱ ተሰማ

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማንያዘዋል፤

መንገድ ተዘግቷል። ይኸው አሥራ ሦስተኛ ቀኑ ማኪና አይወጣም አይገባም፤ ስልኩም የለም። የግንቦቱን ደብዳቤ የወሰደው ረዳት አድርሶልህ እንደሆነ አላውቅም፤ ከመዘጋቱ በፊት አልፎ ከነበረ ደርሶሃል። ካልደረሰህ እግዚአብሔር ያውቃል።

ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ እቆማለሁ። ትናንት በእግሬ ልነሣ ብዬ ከከተማው ወጥቼ ነበር። ኬላው ላይ ያሉት ልጆች "አባባ፣ ይመለሱ፤ እርስዎ ቢያልፉም እግርዎ አያልፍም" ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ የቀኝ ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም።

ክረምቱ ቀድሞ ገብቷል። እዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። ዛሬ ከሰዓት ደጄ ላይ ቆሜ ወደ ጎንደር በኩል ሳይ ሰማዩ እንደ ዋልካው ጠቁሯል።

ይህን ደብዳቤ በማን እጅ እንደምልከው አላውቅም። እጽፈዋለሁ ግን፤ ቀኑ እንዲታወቅ። ቱንቢውን አውርድ። ሌላውን ሁሉ ብትተው እንኳ ቱንቢውን አውርድ። እሱ ከሌለ ይፈራሉ፤ ከፈሩ አይገቡም።

ውዱ ተሰማ

*

ጎንደር፣ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአያ ውዱ፤

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? ብሌን ደህና ናት። እናቷ ዘንድ ሰንብታ ትመጣለች። የዘንድሮ ክረምት እዚህም ከባድ ነው።

መንገዱ እንደተከፈተ ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ አንድ ላይ ደረሱኝ። እንዳይሰጉ ብዬ ነው ቶሎ የምጽፈው። ሥራው ለጊዜው ቆሟል፤ የዝናቡ ነገር ነው። ስለዚህ መምጣት አያስፈልግዎትም፤ በዚህ እግርዎ እባክዎ አይምጡ።

ምናልባት አንድ ሁለት ሰዎች መጥተው ስለ ቤቱ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ለወግ ያህል ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ መጥተው ጉድጓዱን እንዳዩትና ደኅና ነው እንዳሉ ቢነግሯቸው ነገሩ እዚያው ያልቃል። በዕድሜዎ ምክንያት ማንም ምንም አይልዎትም፤ ጠበቃ ጠይቄያለሁ።

ደግሞ የደብዳቤዎቹ ግልባጮች እቤት አሉ ብለውኝ ነበር። አሮጌ ወረቀት ሣር ቤት ውስጥ ማከማቸት ለእሳት አደጋ ነው። ቢያስወግዷቸው መልካም ይመስለኛል።

ማንያዘዋል

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማንያዘዋል፤

ሣር ቤቴ እንዳይቃጠል ማሰብህን አይቻለሁ። ስለ ሰው ደኅንነት ያሰብህበት የመጀመሪያ ደብዳቤህ ነው።

ትናንት ሐምዛ ቤቴ መጣ። ከጎንደር ድረስ ይህን ሊነግረኝ ብቻ ነው የመጣው። "ተቀመጥ" ብለው እምቢ አለ፤ ቆሞ ነው የነገረኝ።

"አያ ውዱ፣ እኔ ከዚያ ሥራ የሄድኩት ቱንቢው ስለተሰቀለ ነው" አለኝ። "አፈሩን አንሣ አልኩት፤ ነገ አለ። ጣውላ አምጣ አልኩት፤ ነገ አለ። ሠራተኞቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ቱንቢውን ከማዕዘኑ ፈትቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰቀለው። ወዲያው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ለእሱ ቀለለው፤ እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። እቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ለሠራተኞቹ ጮኼ መናገር ነበረብኝ። አልጮኽኩም።"

ሰኔ 11 ጠዋት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው የተነጋገሩትን ከሠራተኞቹ ሰምቶ ነግሮኛል። ከታች ውሃ አቁሮ ነበር። አንደኛው "ማን ገብቶ አየው?" አለ። ሌላው "ጋሼ አይተውታል፣ እዚህ ነበሩ" አለ። "እሳቸው የቢሮ ሰው ናቸው፣ ምን ያውቃሉ" አለ የመጀመሪያው። መለሰ ሳቀባቸው። "ቱንቢው ተሰቅሎ የለም እንዴ? ምነው እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማላችሁ!" አላቸው። ብቻውን ወረደ፤ መሰላሉን የያዘለትም አልነበረም።

ግድግዳው ከተናደ በኋላ የሆነውን ሐምዛ አልነገረኝም። ሲጠሩት ሮጦ ደርሶ በእጁ የቆፈረው እሱ ነው። ጥፍሮቹን አየኋቸው። ገና አልበቀሉም።

እኔ ቱንቢውን አውርድ ብዬ የጻፍሁት ሰኔ 10 ነበር።

መጥቼ አይቻለሁ አልልም። አልመጣሁም፤ አላየሁም። የጠየቀኝ ሰው ሲመጣ ግልባጮቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሰጠዋለሁ። አንተ የጻፍኸውንም የእኔንም። ቱንቢውን የላክሁት እኔ መሆኔን የሚናገረውም አብሮ አለ፤ እሱን አልደብቅም።

ውዱ ተሰማ

*

ጎንደር፣ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

አያ ውዱ፤

ይህን የምጽፈው ከፖሊስ ጣቢያ ነው። ብሌን ናት የምታደርስልዎ። ግልባጮቹን እንደሰጡ መርማሪው ነግሮኛል፤ አንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። "የእሱን ፍርሃት የምትፈራለት አንተ ነህ" የሚለውን።

ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። አያ፣ አሁንም ጊዜ አለ። አርጅቻለሁ፣ ተምታቶብኛል፣ ለካ ግንቦት ላይ ሄጄ ነበር ቢሉ ያምኑዎታል። እርስዎን ማንም አይነካም። እኔን ግን ክሱ ከሥራዬም ከትዳሬም ያፈናቅለኛል። ቃልዎ ከአፍዎ ሲወጣ ሰው ሁሉ ያምናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለእኔ ቢያውሉት ምናለ? የወንድምዎ ልጅ ነኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እዚህ ሰው እንቅልፍ የለውም። አባቴ ስለ ቱንቢው ያለው ነገር የለም። ምንም አላለም። እንዲልኩልኝ ብዬ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሠራተኞቹ ስምዎን ሲሰሙ ዝም እንደሚሉ ከዚያች ጸሐፊ ዘንድ ነበር የተማርኩት።

የመለሰ ዘመዶች ሳንጃ ሄዶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ዘመድ ይፈልጋሉ። ደም እንዲደርቅ። እኔ መሄድ አልችልም። ከእርስዎ ሌላ ደግሞ ሰው የለኝም።

ማንያዘዋል

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማንያዘዋል፤

ሳንጃ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ አይደገምም።

መጀመሪያ አዘዞ ወረድሁ። ጉድጓዱን ከሐምዛ ጋር ደፍነነዋል። ቱንቢው አሁንም በቀይ ክሩ እዚያው አጣና ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የነካው ሰው የለም። እኔ አወረድሁት። ከቤትህ መሠረት የተረፈ አንድ ጥቁር ድንጋይ መረጥሁ። ትንሹን አልመረጥሁም።

አስታራቂ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኔ ድንጋዩን ተሸክሜ ከኋላ፣ ከማኪና መውረጃው እስከ ደጃቸው ሄድን። ፍቅረ ማርያም ደጁ ላይ መደብ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ጠፍቷል፤ እኔ አላወቅሁም ነበር።

"ማን ነው የተሸከመው?" አለ።

"ውዱ ነኝ።"

"ውዱ ምን አድርጎ ድንጋይ ይሸከማል? የወንድሙ ልጅ ነው ያሉኝ።"

"ቱንቢው የእኔ ነው" አልሁት።

እጁን ዘረጋ። በአንድ እጄ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ዳበሰው። አይከል ላይ የጎደጎደችውን ቦታ በአውራ ጣቱ አገኛትና እዚያው ላይ ቆየ። ቀጥሎ "'እሱ ከተሰቀለ ሳትጠይቅ ግባ' ብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ ውዱ" አለ።

የልጁ ሚስት ማናዬ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሁለቱ ልጆች ቀሚሷን ይዘዋል። አላለቀሰችም። "ገብተው አይተውት ነበር?" አለችኝ።

"አልገባሁም። አላየሁትም።"

"ካላዩት ምነው ላኩት?"

ሽማግሌዎቹ ስለ አንተ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። ዝም በሉ አልኋቸው። ጥያቄዋ እሱ አልነበረም። ወንድሜን በሕይወት ሳለ አኩርፌው፣ ከሞተ በኋላ ስሜን በአፉ እንደጠራ ብሰማ ጊዜ ለስልሼ ነው የላክሁት። ይኼ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት መልስ አይሆንም። ስለዚህ አልመለስሁላትም። የቤቱ ጥላ ከደጁ እስኪያልፍ ድረስ ድንጋዩን ተሸክሜ ቆምሁ። በመጨረሻ ፍቅረ ማርያም በዳበሳ መጥቶ ከትከሻዬ አወረደው። ማናዬ እጇን አላነሣችም። መብቷ ነው።

ቱንቢውን ፍቅረ ማርያም አልመለሰልኝም። አልጠየቅሁትም።

ለመርማሪው የነገርሁት እንዲህ ነው፦ "ስሙ የእኔ ነው። ፊርማው የእኔ አይደለም። ቱንቢው የእኔ ነው፤ የላክሁትም እኔ ነኝ።" ለእኔም ቀጠሮ ሰጥተውኛል። በላክሁት ቢፈርዱብኝ እቀበላለሁ። አንተንም ባደረግኸው ይፍረዱብህ። አርጅቻለሁ፣ ግን አልተምታታብኝም። አንድ ጊዜ ለአንተ እንዳውለው የለመንኸው ቃል ከአሁን ወዲያ የለም፤ ከሥራዬ ሬሳ ወጥቷል።

ስለ አባትህ የጻፍኸውን ውሸት ይቅር አልልህም። ይህንንም አንድ ጊዜ ነው የምጽፈው።

ብሌን ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ማድረስ ከበዳት፤ የሆስፒታል ተራ አለባት። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እኔ አመጣለሁ። ቆሎ እንደምትወድ አውቃለሁ። ስለ ዝናቡ ልንነጋገር እንችላለን። ገብሱ እንዴት እንደያዘ እነግርሃለሁ፤ ቀይቷ ላም ወልዳለች። ስለ ጉድጓዱ ግን፣ ስለ መለሰ፣ ስለ ቱንቢው፣ አንድ ቃል ከአፍህ ብትወጣ ስንቁን ለዘበኛው ሰጥቼ እመለሳለሁ። ብትጽፍልኝም ሳልከፍተው በመጣበት ማኪና እልከዋለሁ። ካርቦኑን አቃጥየዋለሁ።

ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ነገር ከውዱ አፍ የሚሰማ ሰው የለም።

ውዱ ተሰማ